የዘራሁት አደይ

ሐምሌ 5 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሱሉልታ

ይህ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ነበር። የተጻፈባቸውን ገጾች ቀድጄ አወጣኋቸው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ትምህርት ቤት ስላልሄድኩ ከተጻፈው ባዶው ይበዛል። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝናብ ከማየት መጻፍ ይሻላል። የሚያነብብኝም የለም። አባዬ ማንበብ ቢችልም የሰው ነገር አይነካም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ከብቶቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። ጨውና ላምባ የሚፈልጉ ሰዎች ብቻ መጡ። ለሁሉም "ምን ልስጥዎ?" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ዛሬ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሐምሌ 11፣ እሑድ

አባዬ ከቅዳሴ ተመልሶ ቁርሱን ቆሞ በላና ወጣ። "ጫንጮ ጉዳይ አለኝ" አለ። ባዶ ጠርሙሶችን በጆንያ ይዞ ነው የሄደው። ባለፈው እሑድም እንዲሁ ነበር።

እማማ ድንቅቱ ከሱቃችን ጣሪያ ሥር ተጠልለው ቅቤ ይሸጣሉ። ከአንዲት ደንበኛቸው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

"ብዙነህ ዛሬም ወደ ጫንጮ?"

"ተረፈች ጠጅ ቤት ነዋ። ጠርሙሱን ባዶ ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ሞልቶ ይመለሳል።"

ሳቁ።

"ታዲያ ምን ያድርግ? ገና ጎልማሳ ነው። እሷም ባል የላት።"

"ልጅቷስ?"

"እሷማ መኖሯስ መቼ ይታወቃል። ድምጿን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚዛኑን ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። እስኪሄዱ አላስቀመጥኩትም፤ ይንኳኳል ብዬ።

አባዬ ሲመሽ ገባ። ጠጅ አልሸተተኝም፤ በዝናቡ ምክንያት ይሆናል። ጫማውን አጠብኩለት። የእኛ አገር ጭቃ ጥቁር ነው፣ የሱ ጫማ ግን በቀይ አፈር ተለውሷል። ጫንጮ አፈሩ ቀይ ነው ማለት ነው።

ሐምሌ 14

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩትን ልጻፈው።

እማዬ ስትታመም ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ያለችው ኪዳነ ምሕረት ጠበል አላት፤ እሱ ይሻላታል ተባለ። ደህና ሆና ትመለሳለች ብዬ አልጋዋን አንጥፌ ጠበቅሁ። ኅዳር ላይ እዚያው አረፈች፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀበረች። በቀብሯ ቀን ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ምንም አላየሁም። ያየሁት ለአርባዋ ስንሄድ ነው፤ አፈር ብቻ። ድንጋይ እንኳ አልተደረገበትም። አጠገቡ ሌሎች አፈሮች ነበሩ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። በክረምት ተጠፍጥፎ ከተኛ የትኛው የሷ እንደሆነ ማን ያውቃል ብዬ ፈራሁ።

ለመጠየቅ ሰው በዛብኝ። ስንመለስ አየሁት፦ የነጠላዬ ጥለት ላይ የደረቀ የአደይ ዘር ተሰክቶበታል። እንደ መርፌ የቀጠነ ጥቁር ዘር ነው፤ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። የሆነ ነገር የረሳሁ መስዬ ተመለስኩና አንድ አንድ እየነቀልኩ አፈሩ ውስጥ ደበቅኩት። በጣቴ ሸፈንኩት። በአደይ ወቅት ስመጣ ቢጫው ይጠራኛል አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ዝናቡ ሲመታው በቅሎ ይሆናል። ያን እያሰብኩ ነው የምተኛው።

ሐምሌ 25፣ እሑድ

አባዬ ሄደ። ጆንያው ይንኳኳል። ሲሄድ አልጠየቅኩትም፤ ሲመጣም አልጠየቅኩትም። ቀይ ጭቃ።

ዛሬ ለአፍታ ሲያባራ የእማዬን ጤና አዳም ኮተኮትኩ። በሱቁ ፊት ለፊት ዙሪያውን ጠርሙስ በአፍጢሙ ተክላ ያጠረችው ናት። አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቡናማ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቡናማ። አባዬ ያን ጊዜ "አንዱን ዓይነት ብታደርጊውስ?" ብሏት ነበር። "እንዲህ ነው የሚያምረው" አለችው። ክረምቱ አንዱን አዘንብሎታል፤ አቃናሁት።

ነሐሴ 3

እትዬ የሺወርቅ፣ የአባዬ እህት፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ገቡና አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

"ምነው አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ዋጥሽው? ደህና ነኝ አይባልም?"

"ደህና ነኝ" አልኩ።

"እሰይ። አላት ማለት ነው።"

ከጓዳ ሆኜ ሽሮ እያማሰልኩ የሚሉትን ሁሉ ሰማሁ።

"ከመስቀል በኋላ እኔ ጋ ትምጣ። ጉለሌ ሰው አለ፣ የስፌት መኪናዬ አለ። ልብስ ስፌት ትማራለች፣ ሰው ፊት መቆምም ትለምዳለች። እዚህ ከጨው ጋር ተቀምጣ ሻጋታ ሆነች።"

አባዬ ዝም አለ።

"አንተም ብቻህን አትሆንም። ያቺ የጫንጮዋ ሴት ጨዋ ናት ይላሉ።"

ዝም።

"ይኸው፣ ልጅቷ በማን እንደወጣች ታወቀ።"

አባዬ እንቢ አላለም። ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። ሽሮው ሥሩን ያዘ፤ እትዬ የሺወርቅ "ያቺ ጎበዝ እናትሽ እንዲህ አላሳየችሽም" አሉኝ።

ነሐሴ 4

ጉለሌ ከሄድኩ የሚያመጣኝ የለም። ከመስቀል በፊት፣ አደዩ ሳይረግፍ፣ እማዬ ጋ መሄድ አለብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ለአባዬ እነግረዋለሁ።

ነሐሴ 7

ልነግረው ነበር። ሰው መጣ።

ነሐሴ 10

ራት ላይ "አባዬ" አልኩ። ቀና አለ። "ጨው ልጨምርልህ?" አልኩት። ጨው አልጎደለውም ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ነሐሴ 16፣ እሑድ

ዛሬ የፍልሰታዋ ኪዳነ ምሕረት ናት። ጾሙም ተፈታ። ሌሊቱን ቃሉን ስለማመድ አድሬ ጠዋት ተናገርኩ።

"አባዬ፣ ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት።"

"አዎ።"

"እማዬ ጋ..."

ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ሳሙናዎቹን መደርደር ጀመረ። ተደርድረው ነበር እኮ።

"ወንዙ ሞልቷል። ልጅ ይዞ አይገባበትም" አለ። ጀርባውን ነበር የማየው።

ከዚያ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ። ወደ ተረፈች ሲሆን ወንዝ የለም። ይህን መጻፌ ኃጢአት ነው፤ ግን ጽፌዋለሁ።

ነሐሴ 24

ወይዘሮ ተረፈች ወደ ሱቃችን መጣች። ስሟን ለእማማ ድንቅቱ ስትነግር ሰምቼ ነው ያወቅኋት። የጠበቅኋት ዓይነት አይደለችም። አጭር ናት፤ ጫማዋን በላስቲክ አስራለች።

"ስኳር አለሽ እናቴ? አንቺ ነሽ ማሪቱ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"አባትሽ ደህና ነው? ሰኔ ላይ ጠርሙስ ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዐይኑን አላየሁትም። ታሞ ነው እንዴ?"

ሰው በልጅ ፊት ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ይዋሻል? "ደህና ነው" ብዬ ስኳሩን ሰጠኋትና ዘወር አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ" ስትል አልመለስኩላትም። እማዬ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር። የሷ ሐሰት ግን ሲገርመኝ ዋለ።

ጳጉሜ 2

ቦዩ ዳር የመጀመሪያዋ አደይ ፈካች። ትንሽ ናት፤ ንፋሱ ያንገላታታል። አልቀጠፍኳትም። የእማዬም ፈክታ ይሆናል።

ጳጉሜ 3

ዛሬ ፀሐይ ወጣ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ቆም ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ከአጥሩ ሥር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከጎረቤቶቹ ጓሮ፣ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ፣ በየቦታው እንቡጥ ነው። እንስራዬን አስቀመጥኩ። በየዓመቱ የማየው ነገር ነው እኮ። አደይ የማይበቅልበት መሬት የት አለ? ልለይበት ብዬ የዘራሁት ማንም ሳይዘራው በየመቃብሩ ላይ የሚወጣውን ነው።

ማንም ስላላወቀ ማንም አይስቅብኝም። ግን ራሴ ስቄ አላባራሁም፤ ከዚያ ሳቅ አልነበረም።

ጳጉሜ 4

የእማዬ ወንድም ደቻሳ ለበዓል ቅቤ ይዞልን መጣ። እኔ የምጠራው እማዬ እንዳስተማረችኝ "ኤሱማ" ብዬ ነው፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው።

"አከም ጂርታ፣ ማሪ?"

"ፈያ" አልኩት፣ ደህና ነኝ። ከዚያ የቀረውም መጣልኝ። በእማዬ ቋንቋ ስናገር አላፍርም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከመስቀል በኋላ ጉለሌ እንደምሄድ፣ ከዚያ በፊት መቃብሯን ማየት እንደምፈልግ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እማማ ድንቅቱ ቅቤያቸውን ትተው አፈጠጡብኝ።

ኤሱማ ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ኦሮምኛ ይሰማል። ዐይን ለዐይን ተያዩ፤ የሆነ ነገር በመሐላቸው አለፈ፣ እኔ ያልገባኝ።

"ወንዙ ጎድሏል" አለ ኤሱማ። "እሑድ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ።"

አባዬ "ይሁን" አለ። "እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ።"

መስከረም 1 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ደጃችን ሲዘፍኑ አብረውኝ የተማሩ ነበሩባቸው። አንዷ "ማሪቱ የለችም?" ብላ ጠየቀች። "አለች" አላት አባዬ፣ ወደ መደርደሪያው ሳያይ። እንዳለሁ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስለ ነገ ብቻ እያሰብኩ ነው።

መስከረም 2፣ እሑድ

እጄ ስለደከመ በደንብ አልጽፍም ይሆናል፤ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

በጠዋት ወጣን። እኔ በበቅሎዋ ላይ፣ ኤሱማ በእግሩ። ወንዙ ከበቅሎዋ ጉልበት አላለፈም። ማዶ ስንደርስ ዳገቱ ጀመረ፤ አፈሩ ቀይ ነው። ቀይ መሆኑን አይቼ ምንም አላሰብኩም። አንዳንድ ጊዜ ነገር ፊቴ ቆሞ አላየውም።

ደጀ ሰላሙን ተሳለምኩ። ኤሱማ በቅሎዋን ሊያስር ወደ ኋላ ቀረና ብቻዬን ገባሁ።

የኪዳነ ምሕረት ቅጥር ቢጫ ነው። ከደጁ እስከ ግንቡ፣ በሣሩ መሐል፣ በድንጋዮቹ ስንጥቅ፣ በመቃብሮቹ ላይ፣ ሁሉም አደይ ነው። ያለፉት ሁሉ፣ ሀብታሙም ደሃውም፣ አንድ ልብስ ለብሰው የተኙ ይመስላል። ንፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድነት ያጎነብሳል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም። እንደዚያም አልቅሼ አላውቅም። መቃብሯ ከጥዱ በስተቀኝ ነው ብዬ ነበር፤ ጥዱ ብዙ ነው። ጤዛው ቀሚሴን አራሰው። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሄድ እየረገጥኩ ያለሁት ማንን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በልቤ "እማዬ" ስል ቆየሁ፤ ድምፄን አላወጣሁትም፤ እዚያም አፈርኩ።

በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ቢጫ መሐል አንድ ቀይ ነገር አየሁ።

አፈር ነው። አንድ ቅጠል የለበትም፤ አንድ ሣር የለበትም። እንደ ተጠረገ ደጅ ንጹሕ ነው። ዙሪያውን ጠርሙስ በአፍጢሙ ተተክሎበታል። አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቡናማ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቡናማ። አንዳንዶቹ ላይ የሱቃችን አቧራ እንዳለ ነው።

በግንቡ ሥር የተነቀለ አደይ ተከምሯል። ከታች ያለው ጠቁሯል፣ ከላይ ያለው ጠውልጓል። ከተነቀሉ በኋላ እዚያው ተኝተው የፈኩም ነበሩ። አንዱን አንሥቼ ሥሩን አየሁት፤ ሥሩ ረጅም ነው። እኔ ደብቄ የዘራሁትና ሳይዘራ የበቀለው ባንድ ላይ ተከምሮ ነበር።

ኤሱማ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"አባትሽ አንዲት ሣር አያስቆምም። ላግዝህ ስለው 'ተወኝ' ይለኛል። ወንዙ ሞልቶ እያለ በላይኛው ድልድይ ዞሮ ነው ክረምቱን ሙሉ የመጣው። እኔ ቤት ገብቶ እንኳ አይሞቅም።" ፊቴን አየ። "አታውቂም እንዴ?"

"አውቃለሁ" አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።

"ያለቅሳል?" አልኩት።

"ሰው ዝናብ ውስጥ ሲቆም ምኑ ይታወቃል?"

ቁጭ አልኩ። አፈሩን በእጄ ነካሁት፤ ፀሐይ ሞቅ አድርጎታል። ስለ ዘሩ አልተናገርኩም። የእማዬን መቃብር ያወቅኩት አበባ ስላለው ሳይሆን በዚያ ሁሉ ቅጥር አበባ የሌለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ተረፈች እውነቷን ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ስትለኝ አልመለስኩላትም።

መስከረም 3

ራት ላይ።

"ደረሳችሁ?"

"ደረስን።"

"ወንዙስ?"

"ጎድሏል።"

አባዬ እንጀራውን ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ንጹሕ ነው" አልኩት።

እጁን አየ። "አረሙ አላስቀምጥ አለ እኮ። አሁን ደግሞ ይኼ አደይ። ብትነቅይው ብትነቅይው አያልቅም። ሌላው ቦታ ትንሽ ነው የሚወጣው፤ እሷ ላይ ግን ክፉኛ በዛ። ምኑ እንደሳበው እንጃ።"

ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሣሁ። ጓዳ ገብቼ ባዶ ጣሳ ይዤ ቆየሁ።

መስከረም 8

እትዬ የሺወርቅ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ጓዳ ሳልሆን በዚያው በሱቁ ውስጥ ሆኜ ነበር፤ ስላልተንቀሳቀስኩ ረሱኝ።

"ልብሷን አሰናዳች? መስቀል ማግስት እወስዳታለሁ።"

"የእናቷ ሙት ዓመት ሳይወጣ የትም አትሄድም" አለ አባዬ።

"ለሙት ዓመቱማ ከእኔ ጋር ትመጣለች። ልጅ ከመቃብር ጋር ምን ያታግላታል?"

"አትሄድም አልኩሽ።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላ እሷ እንዳለችው።"

"እሷ መቼ ምን ትላለች! አንተ ዝም፣ እሷ ዝም። እዚህ ቁጭ ብላችሁ ዝም ልትባባሉ ነው?"

አባዬ ሚዛኑን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

"ዝም እንላለን" አለ።

መስከረም 9፣ እሑድ፣ ጠዋት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ስነሣ ጆንያው በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ውስጡ ጠርሙስ አለ። አጠገቡ ጫማዬ አለ። ታጥቧል፤ ማሰሪያውም ተቀይሯል። እኔ አላጠብኩትም።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ውጭውን እያየ "ቅዳሴውን እዚያው እንሰማለን" አለኝ።

"ወንዙ ጎድሏል፤ በታች እንሂድ?" አልኩት።

"በላይኛው ድልድይ ይሻላል" አለ።

በላይኛው ድልድይ ሲኬድ መንገዱ ብዙ ነው። ምናልባት ከአደዩ አንዲቱን ብቻ እንዲተዋት እለምነው ይሆናል። ለምን ካለኝም እነግረዋለሁ። እስክንደርስ ድረስ ድፍረቱ ይመጣልኝ ይሆናል።

ጠራኝ።